ከግራ ቅልጥሜ የጎደለችው አንድ ጣት

ያ ነገር በጠቅላላው ያስወጣኝ አንዲት ዳማ በቅሎ፣ አንድ አዲስ ቦላሌ ሱሪና ከግራ ቅልጥሜ የአንድ ጣት ወርድ ነው። በቅሎ ተተክቷል፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ ያለፈውን በቅሎ ቁጥሩን እኔም አላውቀው። ቦላሌም ከፋሽን ወጥቶ፣ ሰው ሲስቅበት ኖሮ፣ ይኸው ዛሬ የቢቸና ልጃገረዶች መልሰው ለብሰውት አስፋልቱን ይጠርጉበታል። ጣቷ ግን እንደጎደለች ቀረች። ግራ ጫማዬ ውስጥ ከተረከዙ ስር አንዲት የጎማ ቁራጭ አለች። አዲስ ጫማ ስገዛ ሰፈር ያለው ጫማ ሰፊ ሳይነገረው ቆርጦ ያስገባታል፤ ሂሳብም አይጠይቀኝ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ሕሊና ናት። ሐኪም ለመሆን ትማራለች። ሰሞኑን ለእረፍት ስትመጣ ከልብሷ መካከል በነጠላ የተጠቀለለ የሰው እግር ይዛ መጣች። የፕላስቲክ ነው፤ ከዳሌ እስከ ጣት ድረስ አጥንት በአጥንት የሚገጣጠምና የሚፈታ፣ ልክ እንደ እውነተኛው። ባለቤቴ እናኑ ነጠላው ሲፈታ አይታ «በስመ አብ! ይህን ነገር ከቤቴ አውጭልኝ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን እጄን ዘረጋሁ። ሕሊና ለቀልድ ከጉልበት በታች ያለውን ትልቁን አጥንት ብቻ ነቅላ ሰጠችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት።

«የቀኝ እግር ነው» አልኳት።

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«ይኼ ስለት ያለው ጠርዝ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው የሚያይ። ወንበር መትቶሽ የሚያስለቅስሽ እሱ ነው። ከታች የወጣችው ጉብታ ደግሞ የውስጠኛዋ ቁርጭምጭሚት ናት። ጠርዙን ወደ ፊት አድርጌ ስይዘው ጉብታዋ ወደ ግራ ካየች እግሩ ቀኝ ነው። የውጭዋ ቁርጭምጭሚት ከዚህ አጥንት አይደለችም፤ የጎረቤቱ ናት፣ የቀጭኑ።»

እኛ ክፍል ውስጥ ይህን በፈተና የሳቱ አሉ አለችኝ። «የት ተማሩት?»

«ሞጣ። በቅሎ ተራ።»

ሞጣ በቅሎ ተራ ዛሬ ብትሄዱ የሞባይል ቀፎ የሚሸጥበት፣ ባጃጅ የሚሰለፍበት፣ የባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳት ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጮህበት ቦታ ነው። ያኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዋርካው ስር እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ በቅሎ ብቻ ነበር። ከላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ ከታች የመስጊዱ አዛን፣ ከመካከል የበቅሎ ጩኸትና የደላላ መሐላ። ጥሩ የኮርቻ በቅሎ ሁለት መቶ ብር ስታወጣ ሰው አጀብ ይል ነበር፤ በሁለት መቶ ብር ዛሬ ሁለት ሰው ጠግቦ ምሳ አይበላም። ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ዳቦ በአምስት። ከሻይ ቤቱ በር ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ተሰቅሎ ይዘፍናል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፣ ባለቤቱ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ እኛም ዘፈኑ እስኪሞቅ ሻያችንን ይዘን እንጠብቃለን። እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ጥዬው ነው የወጣሁት፤ ወይም እሱ ነው የጣለኝ፣ በዚህ ነገር ላይ አስተማሪዬና እኔ አልተስማማንም። ከሞጣ እየገዛሁ ቢቸና እሸጣለሁ፣ ከቢቸና እየገዛሁ ሞጣ እሸጣለሁ። መንገዱ በእግር ሁለት ቀን ነው። እግር ማለት ለእኔ ሱቄ ነበር።

በቅሎ የሚገዛው በዓይን አይደለም፤ በእጅ ነው። ዓይንን ቅቤ የተቀባ ጸጉር ያታልለዋል። እጅህን ከትከሻዋ ጀምረህ ቁልቁል ታወርዳለህ። አጥንቱ መካከሉ ላይ እንደ ዱላ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፤ ወደ ጫፎቹ ግን ይሰፋል፣ ይወፍራል፣ እዚያ ላይ ከሌላው አጥንት ጋር ይገጥማል። መካከሉ ብዙ አይዋሽም። ውሸት ሁሉ ያለው ጫፉ ላይ ነው፣ መገጣጠሚያው ላይ። ሙቀት ካለ ታመመ፤ ውሃ እንደቋጠረ ፊኛ ከለሰለሰ ሰነበተ፤ ስታጥፈው እጅህ ስር ከተንኮሻኮሸ ገንዘብህን ኪስህ መልስ። ይህን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ የመጨረሻው ይመጣል፤ ማስረገጥ። በቅሎዋን ዋርካው ስር ወዳለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወስደህ ሰባት እርምጃ ታስረግጣታለህ፣ አንተ ጎንበስ ብለህ እግሯን ብቻ ታያለህ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ነበር፤ የጻፈው የለም፣ የጣሰውም የለም። ገዢ ሲያስረግጥ በቅሎዋ ብትጎዳ፣ ብትወድቅ፣ ብትሰበር የገዢው ናት። ያስረገጠ ይወስዳል። ዋርካው ስር የሚቀመጡት የተራው ሽማግሎች ይህን ከፈረዱ በኋላ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። በሌላ በኩል ሳያስረግጥ የገዛም ሰው በነጋታው አነከሰችብኝ ብሎ ቢመጣ የሚሰማው የለም፤ ለምን አላስረገጥክም ተብሎ ይሳቅበታል።

እኔ ከዚህ ሕግ ሁለተኛውን ክፍል በጣም እወደው ነበር። አንዲት ግራጫ በቅሎ ነበረችኝ፣ መልኳ ሙሽራ የመሰለ። የኋላ እግሯ ላይ፣ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ጉልበቷ ዘንድ፣ አንድ እብጠት አላት። ከተኛችበት ስትነሳ ታነክሳለች፤ አንድ ሰዓት ስትሄድ ግን መገጣጠሚያው ይሞቅና ምንም እንዳልሆነ ትሆናለች። እኔም ከማለዳ ጀምሬ ሳዞራት አረፈድኩና ሞቅ ባለ እግሯ ገበያ ይዣት ገባሁ። ሰማዩ ጠቁሯል። አቶ ዋሴ የሚባሉ የሞጣ ማር ነጋዴ መጡ፤ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የሚቆልፉ ሰው። እጃቸውን ሊያወርዱ ሲሉ ዝናቡ ጀመረ። «ጋሼ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ እንዲህ ያለችን በቅሎ በዝናብ አስረግጠው እግሯን ሊሰብሩብኝ ነው?» አልኳቸው። ከፍለው ወሰዱ። በሳምንቱ ቅዳሜ ዋርካው ስር መጡ። አልጮሁም፣ አልከሰሱም። ፊት ለፊቴ ቆመው «አየሁህ አበጀ» አሉኝ። በቃ። ይችን አንዲት ቃል ብለው ሄዱ። እኔ ያን ለት ከጓደኞቼ ጋር የሳቅኩት ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላመነም፣ እኔም ጭምር። የማር ሰፈሩን ሳቋርጥ አንዲት ልጅ ማር ስትመዝን አየሁ። ገዢው ሚዛኑ ያጋደለ መስሎት ሲነጫነጭባት፣ እሷ ምንም ሳትናገር ማሩን አውርዳ፣ ባዶውን ሚዛን አሳይታው፣ እንደገና መዘነችለት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል መጣ። ሰውዬው አፍሮ ከፈለ። ይህን አይቼ ማን ናት ብል የአቶ ዋሴ ልጅ እናኑ ናት አሉኝ። በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁ። ጓደኞቼ አብደሃል አሉኝ። ሽማግሎቹ ሁለቴ ተመለሱ፤ በሦስተኛው አቶ ዋሴ «ይሁን፣ ለጥር ይሁን» አሉ። ለምን እሺ እንዳሉ አልገባኝም። የገባኝ ታኅሣሥ ላይ ነው።

ለሠርጉ ብዬ ቢቸና ካለው ልብስ ሰፊ ቦላሌ አሰፋሁ። ከታች ስፋቱ ሁለት ሰው ያስጠልላል። ልብስ ሰፊው ራሱ «አበጀ፣ ይኼ ሱሪ ነው ወይስ ድንኳን?» ብሎኛል። ከቴትሮን ሸሚዝ ጋር ለብሼው ሞጣ ሄድኩ፣ እናኑ በሩቁ እንድታየኝ። አየችኝም። ስመለስ ዳማዋ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ገና ያልበሰለች፣ ግን አጥንቷ ንጹሕ የሆነች ወጣት በቅሎ ናት። ቢቸና ሊደርስ ጥቂት ሲቀር ቁልቁለቱ ላይ አንድ ቄስ ጥላቸውን ድንገት ዘረጉ። ዳማዋ ዘለለች። እኔም ከላይ ወረድኩ፤ የሱሪዬ አፍ ግን እርካቡ ላይ ተንጠልጥሎ አልወረደም። ዳማዋ ሃያ ክንድ ያህል ጎተተችኝና ቅልጥሜ ከድንጋይ ጋር ተገናኘ። ድምፁን ሰማሁት። ቀና ብዬ ሳይ እግሬ መገጣጠሚያ በሌለበት ቦታ ላይ ታጥፏል።

በቃሬዛ ይዘውኝ ቢቸና እናቴ ቤት አገቡኝ። ወዲያው እትዬ ጥሩወርቅ ተጠራች። እትዬ ጥሩወርቅ የአገሩ ሁሉ ወጌሻ ናት፤ አባቷም ወጌሻ ነበሩ። አጭር፣ እጀ ሰፊ፣ ስታወራ ሰው የምትሰድብ ስትሠራ ግን ድምጿ የማይሰማ ሴት። ሱሪዬን በመቀስ ከታች እስከ ላይ ቀደደችው። «አምስት ቀኔ ነው ከለበስኩት!» ብዬ ጮህኩ። «እግርህን ነው ሱሪህን የምጠግን?» አለችኝ። ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ጫፍ ቅልጥሜን ላዩ ላይ ሄደችበት። እኔ የበቅሎ እግር ስዳስስ እንደዚያ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው። «ሁለቱም ሄደዋል፤ ትልቁም ቀጭኑም» አለች። ሁለት ጎረምሶች ጎተቱኝ፣ እሷ በሁለት አውራ ጣቷ ጫፍና ጫፉን አገናኘች፣ በሱፍ ጠቅልላ፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ዙሪያውን ደርድራ፣ በአቡጀዲ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

በነጋታው ሌላ ሰው መጣ። ከማል ይባላል፤ ከጅማ ተመድቦ ቢቸና ጤና ጣቢያ የሚሠራ ወጣት ድሬሰር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለሰው ሁሉ «እርስዎ» የሚል። እናቴ ናት በጎረቤት ያስጠራችው፤ ጣቶቼ ሲጠቁሩ አይታ ፈርታ። ገና ሲገባ ከእትዬ ጋር ተፋጠጡ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማሰሪያው ጠብቋል።»

«ካልጠበቀ ምኑን ታሰረ?»

ከማል መልስ ሳይሰጥ የእግሬን አውራ ጣት ጥፍር ተጫነና ለቀቀ። «ያዩታል? ሲጫኑት ይነጣል፤ ሲለቁት ወዲያው መቅላት ነበረበት። ደሙ እየተመለሰ አይደለም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ቀን ከቆየ አጥንቱ ይገጥማል፣ እግሩ ግን ይቆረጣል።»

እኔ ሱቄን አሰብኩ፤ የሁለት ቀን መንገዱን። እትዬ ጎንበስ ብላ ራሷ ጥፍሬን ተጫነች፣ ለቀቀች፣ ቆጠረች። ከዚያ ማሰሪያውን ፈትታ፣ አላልታ እንደገና አሰረችው፣ ጥፍሬም ቀላ። «አንተ የጅማ ልጅ፣ ዓይን አለህ» አለችው። «እጅ ግን የለህም።»

«እጅዎን ለመማር ነው የምመጣው» አላት። እውነቱን ነበር፤ ጤና ጣቢያው ጀሶ አልነበረውም፣ እሱም ቢሆን ጫፍና ጫፍ እንዲህ ያገናኘ ሰው አላየሁም ብሏል። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃት። ቀርከሃዋ ከጉልበት በታች ጀምራ ከቁርጭምጭሚት በላይ ታልቃለች። «ረጅም አጥንት ሲሰበር ከላዩ ያለው መገጣጠሚያና ከታቹ ያለውም አብረው መታሰር አለባቸው፤ ጉልበቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስብራቱን ይነቀንቀዋል» አለ። እትዬ ተከራከረች፣ ተሳደበች፣ በመጨረሻ ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ አስመጥታ ከጭኔ እስከ ውስጥ እግሬ አሰረችኝ። ወጌሻና ድሬሰር ቢቸና ውስጥ በአንድ እግር ላይ ሲስማሙ የመጀመሪያው ነው ይሉ ነበር፤ ያ እግር የእኔ በመሆኑ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ከማል ከሥራ ሲወጣ ማታ ማታ ሊያየኝ ይመጣ ነበር፣ ብርሃን ሳለ። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። አጥንት ደረቅ እንጨት አይደለም፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። መካከሉ ቧንቧ ነው፣ ውስጡ መቅኔ፤ ጫፎቹ ውስጣቸው እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ሸክሙን እንዲያካፍሉ። አጥንት ከአጥንት የሚነካካበት ፊቱ ደግሞ ነጭ፣ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ ልባስ አለው፤ እሱ ካለቀ ተመልሶ አይበቅልም። ስብራቱን የሚያጣብቀው ነገር መጀመሪያ ደም ነው፣ ቀጥሎ እንደ እርጥብ ጭቃ ይሆናል፣ ቆይቶ ነው የሚጠነክረው። «አንድ ወር ሲሆን አያምም፣ ደህና ይመስላል» አለኝ። «የሚያታልለው ያን ጊዜ ነው። አሁን ያለው ጭቃ ነው፤ ጭቃ ላይ አይቆምም።» ሰማሁት። እሺም አልኩት።

አቶ ዋሴ የመጡት ወሩ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፣ ሁለት ሽማግሌ ይዘው። እትዬ ጥሩወርቅ ማርያምን ልትስም ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ከማል ሥራ ላይ ነው። እናቴ ጠላ ቀዳች። አቶ ዋሴ ኮታቸውን ሳይፈቱ ተቀመጡ።

«እንዴት ነህ አበጀ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ ደህና ነኝ።»

«ደህና ነኝ የሚል ሰው እንግዳ ተኝቶ አይቀበልም።»

«ማሰሪያው ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ።»

ጠላቸውን ቀመሱ፣ አስቀመጡ። «ያኔ ግራጫዋን ሳላስረግጥ ወሰድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልከሰስኩህም። ልጄን ግን አስረግጬ ነው የምሰጥ።»

አንደኛው ሽማግሌ አቶ ታደገ «ኧረ ዋሴ፣ የታመመ ሰው ነው!» አሉ።

«እኔ መች ታመመ አልኩ? ራሱ ነው ደህና ነኝ ያለ።»

እናቴ «አንተ ልጅ፣ እትዬ ሳትመጣ እንዳትነካው!» እያለች ማሰሪያውን ፈታሁት። ለምን ብትሉኝ እኔ በቅሎ ነጋዴ ነኝ፤ የማያስረግጥ ሻጭ ምን እንደሚደብቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሞጣ ገበያ ቅዳሜ ምን እንደሚወራ ታየኝ። ከአልጋው እስከ በሩ ቢሞላ ሰባት እርምጃ ነው። ተነሳሁ። አንድ፣ ሁለት። አላመመኝም። አቶ ዋሴ ጎንበስ ብለዋል፤ ፊቴን አያዩም፣ እግሬን ብቻ ነው የሚያዩ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። «በቃ፣ አየሁ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ሕጉ ሰባት ነው አልኩ። ስድስት። ሰባተኛው ላይ ቅልጥሜ ውስጥ አንድ ነገር ሸርተት አለ፤ እንደ ስብራት ቀጭ አላለም፣ እርጥብ እንጨት ሲጎብጥ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ነው። የበሩ መቃን ላይ ወደቅሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ስትመጣ መጀመሪያ በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ ዳሰሰችኝ። ጫፍና ጫፉ አልፈው ጎን ለጎን ተደራርበዋል፤ እግሬ ሦስት ጣት አጥሯል። ጎረምሶቹ ቢጎትቱም አልመለስ አለ፣ የባት ሥጋው ተኮማትሮ ይዞታል። ከማል እየሮጠ መጣ። ተጠጋግተው ሲማከሩ የነበሩትን ሁለቱን አሁንም አያቸዋለሁ፤ የጅማው ልጅ በመጽሐፍ፣ እሷ በጣቷ። «በአንድ ጊዜ አይጎተትም፤ ቀስ ብሎ፣ ቀንና ሌሊት፣ ሥጋው እስኪደክም» አለ እሱ። ክብደት ፈለጉ። ከጎረቤት ሱቅ የእህል ሚዛን ብረቶች አስመጥተው፣ ከተረከዜ በጨርቅ ገመድ አስረው፣ በአልጋው ጫፍ ላይ አንጠለጠሉብኝ። በየጊዜው አንድ ይጨምራሉ፣ እትዬ ትለካለች። ሦስት ጣት ሁለት ሆነ። ሁለቱ አንድ ሆነ። አንዷ ላይ ቆመ። «ከዚህ በላይ ከጎተትነው አይገጥምም» አለች። እዚያው ላይ አሰረችው። ሌላ ሦስት ወር።

አቶ ዋሴ ሞጣ ገብተው ነገሩ ቀርቷል፣ ልጄን ለአንካሳ አልሰጥም አሉ። ይህን የሰማሁ ለት ከወሬው ይልቅ የሚዛኑ ብረት ቀለለኝ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ አቶ ታደገ ናቸው። እናኑ አባቷ ሽማግሎቹን ሰብስበው ይህን ሲናገሩ ከማር ጋኑ ቀና አለችና፤

«አባባ፣ አስረግጣለሁ ያሉት ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ። ግን አምስት ላይ በቃ ብዬዋለሁ!»

«ዋርካው ስር በቅሎ ሲያስረግጡ ሰባተኛው ላይ ብትወድቅብዎ፣ አምስት ላይ በቃ ብያት ነበር ቢሉ ይሰሙዎታል?»

አቶ ታደገ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ከሳቸው ጋር የነበሩት ሌላው ሽማግሌ የበቅሎ ተራው ዳኛ ነበሩ። «ዋሴ፣ ያስረገጠ ይወስዳል» አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ። እናኑ ዛሬ ይህን ስተርክ ከጓዳ ሆና «እኔ እንደዚያ አላልኩም፤ የባሰ ነው ያልኩ» ትላለች። ምን እንዳለች ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ከማል አንድ ቀን የፈረስ አጥንት ሥዕል ያለበት ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። ጣቱን የበቅሎ የፊት ጉልበት በምንለው ላይ አድርጎ «ይኼ ጉልበት አይደለም፣ የእርስዎ የእጅ አንጓ ነው» አለኝ። ሳቅሁበት። ቀስ ብሎ አጥንት በአጥንት ቆጠረልኝ፤ ክንድ፣ አንጓ፣ መዳፍ፣ አንድ ጣት፣ ጥፍር። በቅሎ በመካከለኛ ጣቷ ጥፍር ቆማ ነው የምትሄድ። የኋላው ወደ ኋላ የሚታጠፈው ደግሞ ጉልበቷ ሳይሆን ተረከዟ ነው፤ እውነተኛው ጉልበቷ ከላይ ሆዷ ዘንድ ተደብቋል፣ እንደኛው ወደ ፊት ነው የሚታጠፍ፣ እንደኛው የጉልበት ሎሚ አለው። አሥር ዓመት በእጄ የዳሰስኩትን ነገር ስሙን እንኳ አላውቀውም ኖሯል። ሳቄ ቆመ። ግራጫዋ ያበጠችው እዚያ ነበር፤ ስትነሳ ስትረግጥ መላ ክብደቷ የሚያርፍበት መገጣጠሚያ፣ ልባሱ ያለቀ፣ የማይድን። በየማለዳው ተረከዟ አጥንት በአጥንት ሲፋቅ እኔ እያሞቅኩ ሸጥኳት። እኔ ደግሞ አሁን ስረግጥ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ዳማዋን አስጭኜ ለአቶ ዋሴ ላክሁላቸው፣ «ያስረግጧት» ብዬ። አስረገጧት። እስክታረጅ ድረስ ከሷ ሌላ በቅሎ ላይ አልወጡም።

ሠርጉ ግንቦት ላይ ሆነ። ቦላሌ አልነበረኝም፣ በካኪ ሱሪ ተዳርኩ። እትዬ ጥሩወርቅና ከማል ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሷ ለሱ የእስላም ሥጋ ከጎረቤት አስመጥታ፣ «ብላ፣ እጅህ ገና ቀጭን ነው» እያለች። አዝማሪው መጥቶ ፊቴ ተንበረከከና ማሲንቆውን ገዘገዘው፤

«በቅሎ ሲያስረግጥ ኖሮ፣ ሲያስረግጥ ኖሮ፣
ራሱ ረግጦ ታይቶ ተሸጠ ዘንድሮ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዋሴ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮታቸውን የላይ ቁልፍ ፈቱ፤ አዝማሪውንም የሸለሙት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በሞጣም በቢቸናም፣ እስከ ግንደወይን ድረስ፣ አንካሳ በቅሎ ለእኔ የሸጠ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር። ሰው ተጣልቶ ዋርካው ስር ሲመጣ «አበጀ ይዳስሳት» ይባል ነበር። የተሳሳትኩበት ጊዜ የለም ብል ውሸት ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ሁለቱንም ራሴ ተናግሬያለሁ። ሰው የወደቀ ልጁን ተሸክሞ ሲመጣብኝ ግን አልነካም ነበር። ጥፍሩን ተጭኜ እለቅና ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ። ይህን ያህል ነው የማውቀው፤ ግን ይህንኑ ያህል በደንብ ነው የማውቀው። ከማል ተዛውሮ ሄደ፤ እትዬም አረፈች። ቀብሯ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመው እግር ሁሉ ግማሹ የሷ እጅ ሥራ ነበር።

ሕሊና ይህን ሁሉ ሰምታ የበቅሎዋን አንጓ አላመነችኝም። ስልኳን አውጥታ ፈለገች፣ አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ ያለ አስተያየት በዚህ ዕድሜዬ ከሐኪም አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። «አባባ፣ ልለካዎት?» አለች። እትዬ በጣት ነበር የለካችው፤ በሜትር ለክቶኝ የሚያውቅ የለም። ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ሜትር አመጣች። አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ ተኛሁ። ከዳሌዬ ጫፍ አጥንት ጀምራ እስከ ውስጠኛዋ ቁርጭምጭሚት ወረደች። እናኑ እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጭኑ እኩል ነው» አለች ሕሊና። «ልዩነቱ ከጉልበት በታች ነው።»

«ነግሬሽ የለ?» አልኳት።

«አትንቀሳቀስ፣ በደንብ ትለካህ» አለች እናኑ። «እኔ የወሰድኩትን አውቄ ነው የወሰድኩ።»

ሁለት ጊዜ ለካች፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል መጣ። እናኑ ጻፈችው።

ቀኝ፣ ሰማንያ ስምንት ሴንቲ ሜትር። ግራ፣ ሰማንያ ስድስት።